መሃል ላይ የገባችው አያት

ስኮትላንድ ውስጥ የተወለደ ሕፃን በ21 ቀን ውስጥ በክብር መዝገብ መስፈር አለበት። ሕግ ነው። ጎረቤቶቻቸው እንግሊዞች እንኳ 42 ቀን ይታገሳሉ፤ ስኮቶቹ ግማሹን ቀንሰውታል። በእኛ በኩል ሴት ልጅ ክርስትና እስክትነሳ 80 ቀን አለ። በዚያ ሁሉ ጊዜ እናት አንድ ስም ታወጣለች፣ አባት ሌላ ያወጣል፣ አያት ሁለቱንም ሰምታ እንዳልሰማች ሆና በራሷ ምርጫ ትጠራለች፣ ቡና ሊጠጣ የመጣ ጎረቤትም የበኩሉን ጣል አድርጎ ይሄዳል። በመጨረሻ ቄሱ የክርስትና ስም ይጨምሩበታል። የትኛው እንደጸና የሚታወቀው ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትገባ ነው። በ21 ቀን ግን ለዚህ ሁሉ ጊዜ የለም። ወላጆች እንቅልፍ ባጣ ዓይናቸው የመዝገብ ሹሟ ፊት ይቀመጣሉ፤ እሷም በትሕትና የልጅቷን ስም ትጠይቃለች፤ ከዚያም "ሌላስ ስም አላት?" ትላለች። ጣጣው ያለው እዚህች ሁለተኛዋ ጥያቄ ላይ ነው።

ይህ "ሌላ ስም" እዚህ ግላስጎው ያለን ሐበሾች "ሚድል ኔም" የምንለው፣ በፊተኛው ስምና በቤተሰብ ስም መካከል የሚገባው ነው። እኛ ለዚህ የተተወ ቦታ የለንም። ከልጅ ስም ቀጥሎ ያባት፣ ከዚያ ያያት ስም ይመጣል፤ ለድርድር የሚሆን ቀዳዳ የለውም። ታናሽ እህቴ ከሉዊስ ደሴት የመጣ ስኮትላንዳዊ አግብታ ሴት ልጅ ስትጠብቅ ግን ቤተሰባችን ሳይወድ በግድ ተደራዳሪ ሆነ። እኔም በአጎትነቴ ከዳር ቆሜ ስታዘብ ከረምኩና አንድ ነገር ገባኝ፤ የፊተኛው ስም የልጅቷ ነው፣ የመሃለኛው የዘመድ ዕዳ መክፈያ ነው። ወላጆች የወደዱትን ስም ፊት ያደርጋሉ፤ ማስቀየም የማይደፍሩትን ሰው ደግሞ መሃል ይሰገስጋሉ።

ድሮ እንዲህ ያለ ብልሃት አያስፈልግም ነበር። በስኮትላንድ የቆየ ልማድ የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ የእናቷን እናት ስም ትወስዳለች፤ ሁለተኛዋ የአባቷን እናት፤ ሦስተኛዋ የእናቷን የራሷን። ወንዶቹም ከአባታቸው አባት ጀምረው በተራቸው ይሰለፋሉ። ምርጫ የለም፣ ጭቅጭቅ የለም፣ ወረፋ ብቻ። ችግሩ አያቶቹም በዚሁ ወረፋ የተሰየሙ መሆናቸው ነው። ስለዚህ ስሙ ከማርጋሬት፣ ከሜሪ፣ ከኤልሳቤጥ፣ ከጃኔትና ከአን እምብዛም አይርቅም፤ መንደር መሃል ቆሞ "ማርጋሬት!" ብሎ የተጣራ ሰው ግማሹን ሠፈር ደጅ ያስወጣል። ማርጋሬት የበዛችውም በከንቱ አይደለም። የንጉሥ ማልኮም ሣልሳዊ ባለቤት ንግሥት ማርጋሬት በ1093 አርፋ በ1250 ቅድስት ተብላለች (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)፤ የቅድስትና የንግሥት ስም በአንድ ላይ ሲገኝ ማን ይተዋል? ሜሪም አታንስም። የስኮቶቹ ንግሥት ሜሪ በ1548 ገና በአምስት ዓመቷ ወደ ፈረንሳይ ስትላክ አብረዋት እንዲሄዱ የተመረጡት ባልንጀሮቿ ሜሪ ሲተን፣ ሜሪ ቢተን፣ ሜሪ ፍሌሚንግና ሜሪ ሊቪንግስተን ነበሩ። ከንግሥቲቱ ጋር አምስት ሜሪ! መርከቡ ላይ አንዷ ልትወድቅ ብትደርስ ሞግዚቷ ምን ብላ እንደምትጮኽ አስቡት።

በእህቴ ባል አገር በሉዊስማ የቤተሰብ ስሙም ብዙ አይረዳም፤ ማክሊዮድ፣ ማክዶናልድና ሞሪሰን ደሴቱን ሞልተውታል። ስለዚህ ሰዉ በጌይሊክ ሲጨዋወት የቤተሰብ ስሙን ወዲያ ትቶ "ማሪ ኢየን ዶናልድ" እያለ ይለያል፤ የዶናልድ ልጅ የኢየን ልጅ ማሪ ማለት ነው። አማቻችን ይህን ሲያስረዳኝ ተነሥቼ ልስመው ምንም አልቀረኝ። የልጅ ስም፣ ያባት ስም፣ ያያት ስም፣ በዚያው ቅደም ተከተል! ለዓመታት በየቢሮው "የቤተሰብ ስምህ የትኛው ነው?" ሲሉኝ የኖሩት ሰዎች ጀልባ ተሳፍረው ሉዊስ ድረስ ቢሄዱ ኖሮ መልሱን እዚያው ያገኙት ነበር።

ሌላም የሚያመሳስለን አለ። የስኮትላንድ ሴት በድሮው ልማድ አግብታም የአባቷን ቤት ስም አትጥልም። አሮጌ የመቃብር ድንጋዮችን ያየ ሰው ያውቃል፤ ባልና ሚስት አንድ ጉድጓድ ውስጥ ተጋድመው እንኳ የየራሳቸውን ስም እንደያዙ ናቸው። ለልጅ ሲሆን ደግሞ የእናት ቤት ስም እንዳይጠፋ መሃል ላይ ያስገቡታል። የስኮትላንድ ቀዳማዊ ሚኒስትር የነበሩት ኒኮላ ስተርጅን ሙሉ ስማቸው ኒኮላ ፈርጉሰን ስተርጅን ነው፤ ፈርጉሰን እናታቸው ከማግባታቸው በፊት የሚጠሩበት የቤተሰብ ስም ነው። "የፈርገስ ወንድ ልጅ" ማለት መሆኑን ያሰበበት ሰው ቢኖር ሴትዮዋ ወንድ ተብለዋል ብሎ ይከራከር ነበር፤ ግን ማንም አያስበውም። ግላስጎው ያለች የሐበሻ ልጅ የአባቷን ስም መሃል ላይ ይዛ ክፍል ስትገባ መምህሯ የማይገረሙትም ስኮቶች ይህን የለመዱት ስለሆነ ይመስለኛል።

እኔ ከሁሉ የወደድኩት ግን የኢናዎቹን ነገር ነው። በደጋማው ስኮትላንድና በደሴቶቹ የአባት ወይም የወንድ አያት ስም እንዲቀጥል ሲፈለግና የተወለደችው ሴት ስትሆን ማንም አይጨነቅም፤ የሰውየው ስም ጫፍ ላይ "ኢና" ይቀጠላል፣ አለቀ። ዶናልድ ዶናልዲና፣ ጄምስ ጄምሲና፣ ሙርዶ ሙርዲና፣ አንገስ አንገሲና ይሆናል። በአማቻችን ዝምድና ውስጥ ኢናዎች ሞልተዋል። እህቴ ይህን የሰማች ቀን በሳቅ ፈርሳ "ከበዲና! ታደሲና!" እያለች ለእናታችን በስልክ ብትነግራት እማዬ ተቆጣች። "ምኑ ነው የሚያስቅሽ? ከበደ ከበደች፣ ታደሰ ታደሰች ሲባል መቼ ሳቅሽ?" አለቻት። መልስ አልነበረንም።

ከኢናዎቹ አንዷ ሰማይ ድረስ ደርሳለች። ዊልያሚና ፓተን ስቲቨንስ በ1857 ደንዲ ከተማ ተወለደች። ፍሌሚንግ የሚባል ሰው አግብታ ቦስተን ከተሻገሩ በኋላ ባል ነፍሰ ጡር ሚስቱን ጥሎ እልም አለ። እሷም የሃርቫርድ የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ኃላፊ በነበረው በኤድዋርድ ፒከሪንግ ቤት ሠራተኛ ሆና ገባች። ሰውየው ችሎታዋን አይቶ ወደ ጣቢያው ወሰዳት፤ እዚያም ከ10,000 የሚበልጡ ከዋክብትን መደበች፤ በ1888 ዛሬ የፈረስ ራስ የሚባለውን ኔቡላ ያገኘችው እሷ ናት። ለልጇ ያወጣችለት ስም ኤድዋርድ ፒከሪንግ ፍሌሚንግ ነው። የከዳት ባል ስም በልማድ ግዴታ መጨረሻ ላይ ቀረ፤ በክፉ ቀን ያስጠጋት ሰው ፊትና መሃሉን ወሰደ። የመሃል ስም ዕዳ መክፈያ ነው ስል እንዲህ ያለውን ማለቴ ነው።

የፊተኛውን ስም በተመለከተ ስኮቶች ጥንታዊ ነው ብለው የሚምሉበት ሁሉ ጥንታዊ አይደለም። ፊዮና ሲባል ጭጋግ የለበሰ ተራራ፣ የፈረሰ ግንብና በገና የምትደረድር ልዕልት ይታያችኋል። ስሟን ወደ ጽሑፍ ያመጣት በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ጄምስ ማክፈርሰን ሲሆን በአገሩ ሁሉ ያስወደዳት ደግሞ በ1855 ፔይዝሊ የተወለደው ዊልያም ሻርፕ ነው። ሻርፕ ጢሙን ያንዠረገገ ጎልማሳ ነበር፤ ነገር ግን ፊዮና ማክሊዮድ በሚል ስም እንደ ሴት እየጻፈ ያሳትማል። የፊዮና የእጅ ጽሕፈት የሴት እንዲሆን እህቱ ትገለብጥለት ነበር፤ ምሥጢሩ በአደባባይ የወጣው በ1905 ሲሞት ነው። ሎርናም እንደዚሁ ስኮትላንዳዊት መስላ የምትዞር፣ ብላክሞር የሚባል እንግሊዛዊ በ1869 ባሳተመው ልቦለድ የፈጠራት ናት። ይህን ስል ስሞቹን ለማንቋሸሽ አይደለም። ፊዮና ቆንጆ ስም ናት፤ ጢሙን መርሳት ብቻ ነው።

አሁን አሁን ደግሞ ወላጆች ካርታ ዘርግተው መምረጥ ጀምረዋል። አዮና ቅዱስ ኮሎምባ በ563 ገዳም ያቋቋመባት ትንሽ ደሴት ናት። ስካይ ሌላ ደሴት ናት። ኤይልሳ የተወሰደችው ከኤይልሳ ክሬግ ነው፤ እሱም ከክላይድ ወንዝ አፍ ባሻገር ባሕር ውስጥ የተተከለ፣ ሰው የማይኖርበት፣ ወፍ የወረሰው የድንጋይ ጉብታ ነው። በክረምት ኦሊምፒክ በረዶ ላይ የሚያንሸራትቱት የከርሊንግ ድንጋይ ከዚያ ነው የሚወጣው። ሴት ልጅ በድንጋይ ትሰየማለች ወይ እንዳልል እኛም አልማዝና ዕንቁ አሉን። በ2023 በስኮትላንድ ከሴቶች ስም አንደኛ የወጣችው አይላ ደግሞ በወንዝ የተሰየመች ናት ይላሉ፤ ሆኖም በጭስ ጭስ በሚል ውስኪው ዓለም ካወቀው ደሴት ጋር አጠራሯ አንድ ነው። ልጁን መጠጥ ቤት በር ላይ ሆኖ የሚጣራ አባት ቢጠነቀቅ ጥሩ ነው።

የላቲኑ አጻጻፍ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። በአይላ መሃል የማትነበብ ኤስ ተቀምጣለች። ቫሪ የምትባለዋ የምትጀምረው በኤምና በኤች ነው፤ ሁለቱ ተደምረው "ቨ" ይሆናሉ። ኤይሊ የምትባለዋም መጨረሻዋ ላይ ዲና ኤች ታስራ ትዞራለች። እኛ "ቫ" ብለን፣ "ሪ" ብለን፣ ጨርሰን ወደ ሥራችን እንሄድ ነበር።

እንግዲህ ሁለቱን ስም ማጋጠም ላይ ስንመጣ፣ የሚከፈል ዕዳ የሌለበት ቤተሰብ መሃል ላይ ሮዝ፣ ግሬስ፣ አን ወይም ጄን ጣል አድርጎ ይገላገላል። ባለ አንድ ትንፋሽ ስሞች ናቸው፤ ከማንም ጋር አይጣሉም። ቢሆንም ንጉሥ እንኳ በዚህ ነገር ተጣልቷል። በነሐሴ 1930 በስኮትላንዱ ግላሚስ ግንብ ሁለተኛ ሴት ልጅ የወለዱት የዮርኩ መስፍንና ባለቤታቸው "አን ማርጋሬት" ሊሏት አስበው ነበር። አያትየው ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ "አን" የሚለውን ስም አልወደዱም። ተመካክረው "ማርጋሬት ሮዝ" ሲሏት ተስማሙ። ይህም ሲያልቅ መዝገቡ ላይ ተራዋ 13ኛ እንዳይሆን ብለው ምዝገባውን አዘገዩት። ንጉሡ በ1936 አረፉ። በ1950 የማርጋሬት ታላቅ እህት ኤልሳቤጥ ሴት ልጅ ወለደችና ስሟን አን አለቻት። አያት ጥርስ ውስጥ የገባ ስም ከአያት በኋላ ይመለሳል።

ሲጠሩትም መሞከር አለበት። በደሴቶቹ ኬቲ አን፣ ሜሪ አን እያሉ ሁለቱን ባንድ ላይ የሚጠሩ ብዙ ናቸው። በከተማው ግን የመሃል ስም ዓመቱን ሙሉ ተኝቶ ይከርምና እናት ስትቆጣ ብቻ ይነሣል፤ "ፊዮና ማርጋሬት ካምቤል!" ከተባለ ቤት ውስጥ የሆነ ነገር ተሰብሯል። ስለዚህ ለቁጣ የማይመች፣ ምላስ የሚያሥር ጥምረት አይመረጥም። የመነሻ ፊደላቱንም ማየት ነው። ፊዮና አን የሚል ስም በቲ ከሚጀምር የቤተሰብ ስም ጋር ሲገጥም ሦስቱ ፊደላት በእንግሊዝኛ "ወፍራም" ይላሉ፤ ልጅቷ ቦርሳዋ ላይ ተጽፎ ትምህርት ቤት ይዛው ትሄዳለች።

ለእኛ ግን ከዚህ ሁሉ የከበደው ፈተና የእማዬ ጆሮ ነበር። እህቴና ባሏ የወደዱትን ስም በስልክ ያቀርባሉ፤ እማዬ ከአዲስ አበባ ትፈርዳለች። መጀመሪያ ኤይሊ ቀረበች። "ኤሊ? ምነው ልጄ፣ ጥንቸልስ አይሻልም?" ኡና ቀረበች። "ኦና! በሰው ቤት ላይ!" ሞራግ ስትባል ሞራ የት እንደሚሸጥ ጠየቀች። ሾናን ጭራሽ አላቀረብንላትም፤ ምክንያቱን አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ ይረዳልኛል። የመጨረሻዋ ሴንጋ ነበረች። ብዙዎች እንደሚሉት አግነስ የሚለው ስም ከኋላ ወደ ፊት ሲነበብ የተገኘች የግላስጎው ስም ናት፤ አሮጌውን ስም ገልብጦ አዲስ ማድረግ እኔ በበኩሌ ያደነቅሁት ብልሃት ነው። እማዬ ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ "ለፋሲካ ነው?" አለች።

ስልኩ ላይ ያለፈችው ካትሪና ብቻ ናት። ስኮትላንዳዊው ደራሲ ስቲቨንሰን በ1893 ያሳተመው ልቦለድ ርዕስ ስለሆነች የስኮቶቹን ማዕረግ አላት፤ እማዬም "ካትሪን እንደማለት ነው" ብላ ተቀበለቻት። የቀረው መሃሉ ነበር። የአማቻችን እናት ከሉዊስ ጀልባ ይዘው ሲመጡ ሁላችንም የሚጠይቁትን አውቀናል ብለን ተዘጋጅተን ነበር፤ የራሳቸውን ስም ነዋ! ሻያቸውን ጠጥተው ሲጨርሱ ሴትዮዋ ጽዋውን አስቀምጠው "በእኛ ልማድ የመጀመሪያዋ ሴት የእናቷን እናት ስም ነው የምትይዘው" አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። የእናቴ ስም ውስጥ "ጠ" አለ፤ "ቀ"ም አለ። ሴትዮዋ ምሽቱን ሙሉ እህቴን እያስደገሙ ተለማመዱ፤ "ቀ"ን ጉሮሯቸው ድረስ ወርደው ሲያወጡት ስኮት ለዚህ ድምፅ ባዳ አይደለም ብዬ ተስፋ አደረግሁ፤ "ጠ" ላይ ግን ተሸነፉ። እማዬ ስትሰማ "እኔ ገና አልሞትኩ፣ ስሜን ለምን ይወስዱብኛል?" አለች፤ በማግሥቱ ጎረቤቱ ሁሉ በፈረንጅ አገር መዝገብ ላይ ስሟ እንደሚጻፍ አውቆ ነበር።

እነሆ ልጅቷ ፊቷ ካትሪና፣ መሃሏ የእናቴ ስም፣ ጫፏ የሉዊስ ሆና በ19ኛው ቀን ተመዘገበች። የመዝገብ ሹሟ የመሃሉን ስም ፊደል በፊደል ሁለት ጊዜ አስነግራ ጻፈችው። ከሉዊስ የመጡት አያት ሲሰነባበቱ ሁለተኛ ሴት ልጅ ስትመጣ ተራው የእሳቸው እንደሆነ በጨዋ ደንብ አስታውሰው ሄደዋል።

ስኮትላንድ ውስጥ ሴት ልጅ የምትጠብቁ ወገኖቼ፣ ፊት ላይ የወደዳችሁትን አድርጉ፤ ደሴትም ወንዝም ድንጋይም ይሁን። መሃሉን ለአያት ስጡ፤ ከሁለቱ ለየትኛዋ የሚለውን የስኮቶቹ ወረፋ ይፍታላችሁ። ከመመዝገባችሁ በፊት ሁለቱን ስም በአንድ ትንፋሽ አገር ቤት ደውላችሁ ጥሩት፤ እናታችሁ ካልሳቀች ይዛችሁ ሂዱ። አማታችሁ አግነስ ከሆኑም ልጅቷን አግነስ በሏት፤ ሴንጋን ግን ስለ ፈጣሪ ተዉአት።